እንዳለ አስገቢው

የባሌ አባት የኮምፒውተር ፕሮግራማቸውን ሲሰጡኝ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንዳለ አስገቢው። አትንኪው።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? የምኖረው በሳቸው ቤት ነው።

ቤታችን ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር ፎቆች አንዱ ላይ ነው፣ ከፍ ብሎ። ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኔና የባሌ። ሳሎኑ የጋራ ነው ይባላል እንጂ የሳቸው ነው። ሬዲዮናቸው፣ መስገጃቸው፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበራቸው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። መስኮቱ ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ከአንድ መዳፍ በላይ አይከፈትም። የኔ ሥራ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ ያውም ከቤት። ስለዚህ የምውለው አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ሳስል «ምነው፣ አመመሽ?» ይሉኛል ከሳሎን። ጫማ ሳነሳ «ወዴት ነሽ?» ይሉኛል። ዝም ስል ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ?»

ክፉ ቢሆኑ እኮ በቀለለኝ! ክፉ ሰው ጥለውት ይወጣሉ፤ ሰዉም «እሰይ፣ ተገላገልሽ» ይላል። እኚህ ግን ገበያ ሲሄዱ ለኔ ብለው ማንጎ እያሸተቱ የሚመርጡ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ሾርባ ሠርተው በሩን በጣታቸው ጫፍ የሚያንኳኩ ሰው ናቸው። እንዲህ ካለ ሰው ቤት በምን አፍ ተብሎ ይወጣል? ስንጋባ «ቤት እስክታገኙ» ተብሎ ነበር የገባነው። ቤት ስናገኝ የሚባለውን ግን ማንም አልነገረን።

አግኝተናል እኮ። እዚሁ ከተማ ስካርቦሮ ነው፣ ትንሽ ናት፣ መስኮቷ ግን ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል። እኔ ራሴ ከፍቼ አንገቴን አውጥቼ ሞክሬዋለሁ። የቤቱ ባለቤት መልሳችሁን ሰኞ አሳውቁኝ ብሎናል። ለአባባ ደግሞ ከዒድ በኋላ እንነግራቸዋለን ብለን እኔና ባሌ ተማምለናል። የተማማልነው በሹክሹክታ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው።

አባባ ወሎዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን እዚሁ ቶሮንቶ በኮምፒውተር ሥራ ገፍተው ጡረታ ሲወጡ፣ ለመረዳጃ ማኅበራችን የሶላት ሰዓት የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ። ረመዳን ሲመጣ ያገራችን ሰው የሚያፈጥረው በሳቸው ስሌት ነው፤ ታክሲ የሚነዳው መሪውን እንደጨበጠ፣ መጋዘን የምትሠራው መስኮት በሌለበት፣ አሮጊቷ ቤቷ ሶፋዋ ላይ ሆና። ባለፈው ዓመት የማኅበሩ ኮሚቴ አዛኑን፣ የኢፍጣሩን ሰዓት፣ የጀናዛውን፣ የቀብሩን ማስታወቂያ ባንድ ላይ የያዘ የስልክ አፕ ይሠራልን አለ። ማን ይሥራው? «ምራትዎ ኮምፒውተር ታውቅ የለ እንዴ?» ተባሉ አባባ። ወሬው ለኔ የደረሰኝ ተወስኖ ካለቀ በኋላ ነው።

አፑ የኔ ይሁን፣ ስሌቱ ግን የሳቸው። ያውም ሳይነካ። ለዚህ በሙያችን መላ አለው። እኛ አንድ ፕሮግራም ከነታሪኩ የሚቀመጥበትን ቤት ሪፖ እንለዋለን። አንዱን ሪፖ ሳያፈርሱ በሌላው ሆድ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ብቻ አንድ ነገር አለ፤ ውጪኛው ሪፖ የውስጠኛውን ዕቃ አይዝም። የሚይዘው ምልክት ነው፤ «እዚህ ቦታ የእገሌ ሪፖ አለ፤ ከሱ የምፈልገው እዚህ ድረስ የደረሰውን ነው» የሚል። ዕቃውን የፈለገ ሄዶ ከባለቤቱ ያመጣል። ባለቤቱ ዘንድ ከሌለ የለም።

ያን ቀን የአባባን ሪፖ በኔ ሪፖ ውስጥ አስገብቼ ስጨርስ ሳቄ መጣ። በቤት ውስጥ ሌላ ቤት፣ በዚያም ላይ ዕቃውን መንካት ክልክል። እኔን አስመስለው የሠሩት ነገር ነው አልኩ ለብቻዬ። ደግነቱ በኮምፒውተር ላይ እንኳ እንግዳው እሳቸው ናቸው፣ ባለቤቷ እኔ።

ምን ዋጋ አለው! እንግድነቱንም አላወቁበት።

አባባ እዚህ አገር በየዓመቱ በማርች ሰዓት የሚቀየርበትን እሁድ እንደ በዓል ነው የሚያደርጉት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወንበር ወደ ወጥ ቤት ያስመጡኛል፤ እኔ እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይወጣሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት በእጃቸው አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያዞራሉ። ቀጥሎ የምድጃውን። ከዚያ ክፍላቸው ይገቡና ፕሮግራማቸው ውስጥ ያለችውን አንዲት ዜሮ አንድ ያደርጓታል። ያቺ ዜሮ አንድ ካልሆነች ስሌቱ ባሮጌው ሰዓት ይቀጥላል፤ ሰዉ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቀራት አዛን ይሰማል። የሰው ሁሉ ጾም በአንዲት ቁጥር ላይ፣ ቁጥሯ በአንድ ሽማግሌ ጣት ላይ!

አንዴ ደፍሬ «አባባ፣ ይሄን እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ ሊያውቀው ይችላል» ብያቸው ነበር።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ራሱ የሚዞር ነገር የለም ልጄ። የሚያዞረው ሰው አለ።»

እሺ አባባ።

ዘንድሮ ያ እሁድ ረመዳን መሐል ላይ ዋለ። አባባ ደግሞ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ለዑምራ መካ ሄዱ። የሽኝቱ ቀን ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ ዱዓ እየተደረገ ሳለ፣ ያቺ ዜሮ ድንገት ትዝ አለችኝ። እሳቸው እንደረሷት ከፊታቸው አውቄዋለሁ፤ ስለ ሻንጣቸውና ስለ ጫማቸው ነበር የሚያወሩት። መካ እንደሆነ ሰዓት አይቀየርባትም፣ ማን ያስታውሳቸዋል? ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? «አባባ፣ ሥራዎ እርስዎ ከሌሉ አይሠራም» ልበል? ምራት ሆኜ? ዋጥኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሲሄዱ ደስ አለኝ ብል አላህ ይቅር ይበለኝ። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ሆነ። ሳሎን ተቀምጬ ሠራሁ። ማንም «ምነው ዝም አልሽ» አላለኝም። ከዚያ ቅዳሜ መጣ፣ ዜሮዋም አብራ መጣች።

በዝምታ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። ማንም ሳያውቅ፣ እሳቸውም ሳይሰሙ። ላፕቶፔ ላይ ያለውን የሳቸውን ሪፖ ከፈትኩና፣ ሰዓት መቀየሩን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያውቅ ጥቂት መስመር ጨመርኩ። ዜሮ የለ፣ አንድ የለ፣ ወንበር የለ። ከዚያ ለራሴ ሪፖ «ከእንግዲህ የምትፈልገው ይሄን አዲሱን ነው» ብዬ ምልክቱን ለወጥኩና የራሴን ፑሽ አደረግኩ፣ ላክሁት ማለት ነው፤ የሰዉን ስልክ ሁሉ ወደሚመግበው ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ሄደ። የሳቸውን ግን ፑሽ ማድረግ አልችልም። ቁልፉ የሳቸው ነው። ብችልስ ኖሮ? «አትንኪው» ተብያለሁ። አፑን ከላፕቶፔ ላይ ስልኬ ላይ ጭኜ አየሁት፤ የእሁድ ኢፍጣር በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ሰባት ከሩብ ይላል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተኛሁ።

ውጪኛው ሪፖ ምልክት እንጂ ዕቃ እንደማይዝ ከላይ የነገርኳችሁ እኔው ነኝ። ምልክቱ የሚያሳየው አዲሱ ሥራ ደግሞ ያለው ከኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ይሄን የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋኛል? የፈራ ሰው ሙያውንም ይረሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል ተረቱ?

እሁድ ረፋድ ላይ ባሌ ተነሣ። ሹፌር ነው፣ ረጅም መንገድ ነው የሚነዳው፣ እሁድ ብቻ ነው የሚተኛው። ዓይኑን እያሸ ወጥ ቤት መጣና ስልኩን ከፈተ።

«ዛሬ በስድስት ከሩብ ነው የምናፈጥረው» አለ።

«በሰባት ከሩብ ነው።»

«ይሄው ስድስት ከሩብ ይላል።»

ስልኬን ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩ። አንድ አፕ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰዓት። ያኔ ገባኝ። ሰርቨሩ አዲሱን ሥራ ፍለጋ አባባ በር ድረስ ሄዷል፤ እዚያ የለም። ስላላገኘው የትናንቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሰባት ከሩብ የሚለው ስልክ በቶሮንቶ ውስጥ የኔ ብቻ ነው።

«ሰዉ ፀሐይ አያይም እንዴ?» አለ ባሌ።

«እስቲ አንተ አሳየኝ ፀሐዩን!» በመስኮቱ ክፍተት አሳየሁት። ሰማዩ አመድ መስሎ ፎቆቹ ላይ ተኝቷል። «መጋዘን ያለችውስ? አዛኑን ሰምተው ቴምር የሚያነሱት ሽማግሌዎችስ?»

«በቃ በማኅበሩ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ስሌቱ ተሳስቷል ብለን እንጻፍ።»

«አባትህ ግሩፑ ውስጥ የሉም እንዴ? መካ ተቀምጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ የራሳቸው ሥራ ተሳስቷል የሚለውን ከኛ ስልክ ያንብቡት?»

ሌላም መንገድ ነበረኝ፤ የሳቸውን ሪፖ ከኔ ውስጥ ነቅዬ ማውጣት፣ ስሌቱን ገልብጬ የራሴ ማድረግ። ለሙያው ቀላል ነው። ግን አፑ ላይ «ስሌቱን ያዘጋጁት» ከሚለው ሥር የሳቸው ስም ብቻ ነው ያለው፤ እሱ አብሮ ይነቀላል። ሰው ለዑምራ በሄደበት ስሙን ከቤቱ ነቅሎ መጠበቅ ምን ይባላል? ቀኑ ይሄዳል፣ ኢፍጣሩ ይቀርባል፣ እኔ ወጥ ቤት መሐል ቆሜያለሁ። ብነግራቸው አሳፍራቸዋለሁ፣ ባልነግራቸው የሰዉን ጾም አበላሻለሁ፣ ብነቅላቸው ከሃዲ ነኝ። እንደዚያ ቀን መታፈኔን አውቄው አላውቅም። መስኮቱን እስከ መዳፉ ከፍቼ ተነፈስኩ።

«ደውልላቸው» አልኩት። «አባትህ ናቸው።»

«የነካሽው አንቺ ነሽ።»

«አንተስ ልጃቸው አይደለህም?»

«ልጃቸውማ ነኝ፤ የምታወሪውን ግን አንድም አልገባኝም!» አለ። እውነቱን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ስልኩን አነሳሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ።

እዚያ መሽቷል፤ ሊያፈጥሩ ጥቂት ቀርቷቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ምግብ የቀረበበት ሱፍራ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ አባባ።

«ኧረ ማንም አልሞተም አባባ! ደህና ነን። እዚህ ዛሬ ሰዓት ተቀየረ ልልዎ ነው።»

ከጀርባቸው የሰው ጉምጉምታ ይሰማል። «ሰዓት ተቀየረ» ሲሉ ሰማኋቸው ለራሳቸው፤ ደርሰውባታል።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ በስተመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ረሳኋት።» ድምፃቸው ድንገት ያረጀ መሰለኝ። «ሰው አፈጠረ?»

«ገና ነው፣ ገና ረፋድ ነው። አባባ፣ እኔ ነክቼዋለሁ። አትንኪው ብለውኝ ነካሁት። እርስዎን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው። ግን የነካሁት እኔው ዘንድ ቀረ፤ የርስዎ በር ዝግ ነው።»

እንግዲህ ይቆጡ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ! በዚያው አኩርፌ እወጣ ነበር።

«ክፍሌ ግቢ» አሉ።

ክፍላቸውን ለመጥረግ ካልሆነ ገብቼበት አላውቅም። ስልኩን ይዤ ገባሁ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተራቸው ሁልጊዜም ክፍት ነው። የሪፖውን ገጽ ክፈቺ አሉኝ፣ ከፈትኩ። የባለቤቶቹ ስም ያለበት ጋ ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ። ያለው የሳቸው ብቻ ነው።

«ከሥሩ ስምሽን አስገቢ።»

«አባባ፣ ይሄን የዛሬውን ብቻ ይቀበሉልኝ እንጂ ስሜስ አያስፈልግም።»

«አስገቢ አልኩሽ። እኔ እስከ መቼ እኖራለሁ?»

በገዛ እጄ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ላፕቶፔ ሮጬ፣ የሳቸውን ሪፖ፣ አሁን የኔም የሆነውን፣ ፑሽ አደረግኩ። ሰርቨሩን እንደገና ቀሰቀስኩት። እንደገና ሄዶ የአባባን በር አንኳኳ፤ አሁን ዕቃው አለ። ባሌ ከወጥ ቤት ጮኸ። «ሰባት ከሩብ! ሰባት ከሩብ አለ!»

እፎይ! «ተስተካከለ አባባ። ከእንግዲህ ራሱ ይዞራል፣ መነሣትም የለብዎት።»

«ራሱ አይዞርም አላልኩሽም? አንቺ ነሽ ያዞርሽው» አሉ። ከዚያ አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌዎች ሲናገሩ ሰማሁ። «ምራቴ ናት። እኔ የረሳሁትን እሷ ደብቃ ልትሸፍንልኝ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ማን አለው?»

«ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!» አሉ።

«በይ እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ።

ስልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ባሌም በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«አላህ ዕድሜ ይስጥሽ።»

«አሚን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ሰዓቱን ከኔ ተቀብለሽ ለልጅ ልጅ የምታስረክቢ ያድርግሽ።»

«አሚን!»

«ልጆችሽ በዚያችው ሳሎን ይሩጡልኝ። አላህ ከቤቴ አያውጣሽ። የኔ ሬሳ ከዚያ ቤት እስኪወጣ ድረስ አይለየን።»

«አሚን! አሚን!»

የጾመኛ ዱዓ በማፍጠሪያው ሰዓት አይመለስም ይላሉ አባቶቻችን። በማፍጠሪያው ሰዓት! ያውም መካ! ያውም ያን ሁሉ ሽማግሌ አሚን አስብለው! እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። በዚያች ደቂቃ ከመስኮቷ ጋር ስካርቦሮ ያለችው ቤት ስትዘጋ ታየኝ። መስመሩ ላይ ሁሉም ይጠብቁኛል፤ ተመራቂው አሚን ሳይል የሚያልፍ ምርቃት የለም።

«ልጄ፣ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ አባባ።»

«አሚን በይ እንጂ!»

ባሌን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ ከንፈሩ ግን ተንቀሳቅሷል፣ እሱ ብሏል።

«አሚን» አልኩ።

እዚያ አዛን ተሰማ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ስልኩ ተዘጋ። እኔ የአባባ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ። ደስታ ነው ብል ውሸት ነው፣ ሐዘን ነው ብልም ያስቀስፈኛል።

«ነገ ለስካርቦሮው ሰውዬ ምን ልበለው?» አለኝ ባሌ።

ተነሥቼ ወጥ ቤት ሄድኩ። የግድግዳው ሰዓት ባሮጌው ላይ ነው፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ወንበር ሳብኩ።

«ያዝልኝ» አልኩት።

ወንበሩን ያዘልኝ። ወጣሁና አዞርኩት።